ለአምስት ዓመት ልጅ ሰባት ማረፊያ

ስለ ደባርቅ ብዙ ነገር ሊባል ይችላል፤ ትቸኩላለች ብሎ የሚያማት ግን አላጋጠመኝም። ካላመናችሁ መናኸሪያ ሂዱና «አሁን ነው የሚወጣው» የተባለ ሚኒባስ ውስጥ ግቡ። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ሁለቱ ሰዎች ይመጣሉ። እነሱ ሲገቡ ቀድሞ የገባው ምሳ ሊበላ ይወርዳል፤ እሱ በልቶ ሲመለስ ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ገበያ የረሳችው ጨው ትዝ ይላታል። ማኅተም ፈልጋችሁ ቢሮ ሂዱ። ማኅተሙ አለ፣ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያም አለ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ግን ስብሰባ ላይ ነው። ሠርግ ከተጠራችሁ ሙሽራው በአራት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል፤ በዘጠኝ ሰዓት በመድረሱም ይመሰገናል። ጉሙ እንኳ ከሊማሊሞ በኩል ተነስቶ ከተማው እስኪገባ ድረስ በየጓሮው እያረፈ ነው የሚመጣው።

በዚህ ሁሉ ዝግታ መካከል አንድ የሚፈጥን ነገር አለ። የልጅ ቀብር።

ትልቅ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከአምባራስ ማዶ ያለ ዘመድ ሳይቀር ይጠበቃል። ሬሳው ከቤት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ያርፋል። ቃሬዛው ይወርዳል፣ ካህናቱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ይነሳል፣ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይወርዳል። ለልጅ ይህ የለም። እኛ ሰፈር ልማዱ አንድ ጠንካራ ሰው ሳጥኑን ታቅፎ ቶሎ ቶሎ መሄድ ነበር። ድንኳን ቢተከልም ማታውኑ ይነሳል። ጎረቤቱ «እግዜር ምትክ ይስጣችሁ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለምን እንዲህ ይቸኮላል ብላችሁ ስትጠይቁ «ልጅ ኃጢአት የለባትም፣ መንገዱን ታውቀዋለች» ይሏችኋል። እኔም ሌላ ሰው ልጁን ሲቀብር ተከትዬ በፍጥነት ሄጃለሁ፤ በፍጥነትም ተመልሻለሁ።

ይህን የምጽፈው ልማዱን ለመክሰስ አይደለም። ሳላውቅ ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። ወፍጮው የሰው ነው፤ እኔ አስነሳለሁ፣ እፈጫለሁ፣ ድንጋዩ ሲዶለዱም እወቅራለሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለራሴ ከዚህ በላይ የሚነገር ብዙም የለም፣ ከአንድ ነገር በቀር።

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ይመጣብኛል። አያመኝም፣ አይጥለኝም። ቁጭ ባልኩበት፣ ወይም ቆሜ ሰው እያናገርኩ፣ በድንገት ሁሉም ነገር ይፈጥናል። የሚራመደው ሰው የሚሮጥ ይመስላል። የሚያወራኝ ሰው የተቆጣኝ ይመስላል፣ ድምፁ ጆሮዬ ሥር ገብቶ ቃሉ በቃሉ ላይ ይደራረባል። እጄን ሳነሳ እጄ ከእኔ ቀድሞ የተነሳ ይመስለኛል። ሰዓት ካየሁ ግን ሴኮንድ ቆጣሪው እንደ ወትሮው ነው የሚሄደው። የሚያስፈራውም እሱ ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ይቆይና ይተወኛል፤ ዓለም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ እኔም ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ጨዋታው እመለሳለሁ።

ልጅ ሳለሁ ለአባቴ አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር። አባቴ ዳባት አጠገብ ገበሬ ነው፤ ያን ቀን ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። «አባ፣ ሁሉም እየሮጠ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አካባቢውን አየ። ከአንዲት አህያ በቀር ማንም አልነበረም፤ እሷም ተኝታለች።

«እንግዲያው አንተም ሩጥና መሮውን አምጣልኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም ቢሆን። ምን ብዬ ነው የምናገረው? ደባርቅ ፈጠነችብኝ ብዬ?

ችግሩ ወፍጮ ቤት ነው። ነገሩ ሲመጣብኝ ሞተሩ ያበደ ይመስለኛል። ድንጋዩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ሰው የሚመታ ይመስለኛል። ስለዚህ አጠፋዋለሁ። ተሰልፈው የሚጠብቁት ሴቶች ደግሞ ዝም የሚሉ አይደሉም።

«አዲሱ፣ ደግሞ ምን አየህ? ገብስ ነው እኮ ያመጣሁት፣ ጠጠር አይደለም!» ትላለች እትዬ ጣይቱ፣ ማዳበሪያ ከረጢቷ ላይ እንደተቀመጠች።

«ተይው፣ ሚስቱ ናፍቃው ነው» ትላለች ሌላዋ።

«እኛ መብራት ይሄዳል ብለን እንፈራለን፤ መብራቱ ሳይሄድ እሱ ይሄዳል!»

ይሳቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የነሱ ሳቅ እንደ ጥይት እየተከታተለ ሲያልፍ ግድግዳውን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ መልሼ አስነሳለሁ። እንዲህ እየኖርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ሁለት ሴት ልጆች ወለድኩ። ትልቋ እንጉዳይ ትባል ነበር። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት፤ በክረምት፣ ዝናብ ባባራበት ጠዋት፣ ከቀኗ ቀድማ ብቅ ስላለች። አምስት ዓመቷ ነበር። ማታ ስገባ ነቅታ ካገኘችኝ ቅንድቤ ላይ ያለውን ዱቄት በጣቷ ትጠርግና «አባ፣ ዛሬም ሸበትክ» ትለኛለች። ግን ነቅታ የምታገኘኝ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። መብራት በፈረቃ ነው፤ ወፍጮ ደግሞ መብራት በመጣበት ሰዓት ነው የሚፈጨው። ሳትነሳ እወጣለሁ፣ ከተኛች እገባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጄን በአብዛኛው የማውቃት ተኝታ ነው።

እንጉዳይን ሳል ያዛት፤ ሦስት ቀን አሳላት። በአራተኛው ቀን ትንፋሿ አጠረ፤ ጤና ጣቢያ «ሳንባ ምች ነው፤ ጎንደር ውሰዷት» ተባልን። መናኸሪያ ስንደርስ ሹፌሩ አንድ ጊዜ ፊቷን አየና ረዳቱን «ዝጋው» አለው። እኔ በማስታውሰው ዕድሜ ሁሉ መኪና ሳይሞላ ከደባርቅ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስቴ ስርጉት ታቅፋታለች፤ እኔ ታናሿን፣ የስምንት ወሯን ሀናን፣ ታቅፌያለሁ። ሹፌሩ የሚችለውን ያህል ነዳ። የዳባት ገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ላይ አህያ ሞልቷል። ገበያውን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ስርጉት «አቁምልን» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሹፌሩ አቆመ፣ አዞረ። ስንመለስ ቀስ ብሎ ነዳ፤ አንድም መኪና አልቀደመም።

በማግስቱ ጠዋት አናጺው ሳጥኑን አምጥቶ ነበር። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። የስርጉት ወንድም ማንደፍሮ ሳጥኑን ታቀፈ፤ አባት አይሸከምም ይባላል። ከደጃችን ወጣን። ነገሩ የመጣብኝ ያኔ ነው።

ከዚያ በፊት እንዲያ ጠንክሮ መጥቶብኝ አያውቅም። ማንደፍሮ ሳጥኑን ይዞ የሚሮጥ መሰለኝ። ከኋላው የሚሄደው ሰው ሁሉ የሚያባርረው፣ ቄስ ሙሉ የሚያደርሱት ጸሎት የጨረታ ጥሪ፣ የሴቶቹ ልቅሶ ጠብ መሰለኝ። ልጄን ይዘዋት እየበረሩ ነው፤ እኔ ልደርስባቸው አልቻልኩም። ከአቅሜ በላይ ሆነና ጮኽኩ።

«ቀስ በሉ!»

ሁሉም ቆመ። ቄስ ሙሉ ዞር ብለው አዩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሦስት ትውልድ ቀብረዋል። የቤተሰባችንም የነፍስ አባት ናቸው።

«ልክ ነው» አሉ። «ልክ ነው ልጄ። ምን አስቸኮለን?» ከዚያም ወደ ማንደፍሮ ዞረው «አውርዳት» አሉ።

ማንደፍሮ ሳጥኑን መሬት ላይ አኖረ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው ለትልቅ ሰው የሚደረገውን ጸሎት ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የእድራችን ዳኛ አያ ደሴ ጠጋ ብለው «አባ፣ ሕፃን እኮ ናት» ሲሏቸው ሰማሁ።

«አባቷ ቀስ በሉ ብሏል» አሉ ቄሱ፤ ንባባቸውንም ቀጠሉ።

ልብ በሉ፤ እኔ ማረፊያ አልጠየቅኩም። ሰባት የሚባል ቁጥር አፌ ላይ አልነበረም። በልቤ የምለው «ጨርሱት፣ ቶሎ ጨርሱት» ነበር። ግን አንዴ የተጀመረ ነገር እኛ አገር በመካከል አይቆምም። ልብስ ሰፊው በር ላይ አረፍን፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ትቶ ቆመ። የምሠራበት ወፍጮ ቤት ፊት አረፍን። አስፋልቱ ላይ ስናርፍ እህል የጫነ አይሱዙ መጣ፤ ሹፌሩ ክላክስ ሊያደርግ እጁን ሰደደና የሳጥኑን መጠን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። ይህን ሁሉ ያየሁት እየተዋከበ ነው፤ የሚነሳውና የሚወርደው፣ የሚገለጠው ገጽ፣ የሚያማትበው ሰው። አሥር ደቂቃ የሚባለው ያን ቀን አልሠራም። አምስት ማረፊያ ሙሉ ይዞኝ ቆየ።

ስድስተኛው የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነበር። እዚያ ላይ ተወኝ። ድምፅ ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለካ ቄስ ሙሉ የሚያነቡት ቀስ ብለው ነበር፤ በየቃሉ መካከል ይተነፍሳሉ። ቁራ ጮኸ። ሳጥኑን አየሁት። ክዳኑ ላይ አሥራ አንድ ሚስማር አለ፤ አንደኛው ተጣሟል። ርዝመቱ ከአንድ እርምጃዬ ብዙም አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ እንጉዳይ የሞተች አልመሰለኝም ነበር፤ የፈጠነች ነበር የመሰለኝ።

«ስጠኝ» አልኩት ማንደፍሮን።

«አባት አይሸከምም።»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ሰጠኝ። እስከ ሰባተኛው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እኔ ታቀፍኳት። ያን ያህል ርቀት ነቅቼ ታቅፌያት አላውቅም ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ቀኑ ተጋምሷል። በሦስተኛው ቀን አያ ደሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ደህና ደህና ነገር ከተናገሩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አዲሱ ልጄ፣ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። ግን ሰው ሥራ አለው። ለትልቅ ሰው ሰባት፣ ለልጅ ሰባት ካልን ነገ ለጥጃም ሰባት ማለት ይመጣል።»

«ኧረ አያ ደሴ!» አላቸው አንዱ ሽማግሌ።

«ምን ልበል? ሥርዓት ነዋ!»

እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ምን እላለሁ? ሥርዓት ለማፍረስ አስቤ አይደለም፣ ያደናገረኝ ጭንቅላቴ ነው ልበል? ስርጉት ግን ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይበሉ» አለች። «ሁሉም ሲያጣድፋት አንተ ነህ ያቆምክላት። እኔ በዚህ ነው የምተኛው።»

በዚህ ነው የምተኛው አለች። ልብ አላችሁ? ሚስቴ እንቅልፍ የሚወስዳት በኔ ስህተት ነው።

ሁለት ወር አልሞላም። የአያ ደሴ የልጅ ልጅ፣ የአራት ዓመት ሕፃን፣ ታምሞ ሞተ። ቀብር ሄድኩ። ሳጥኑ ከቤት ወጥቶ ትንሽ እንደተሄደ አያ ደሴ በትራቸውን መሬት ላይ ሲተክሉ አየሁ።

«ቀስ በሉ» አሉ።

ቄስ ሙሉ አልተገረሙም። መጽሐፉ ቀድሞ ተገልጧል። ሰባት ጊዜ አረፍን። አያ ደሴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ እኔም አላየኋቸውም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር የልጅ ቀብር እንዲህ ሆነ። ስለ ጥጃውም የተናገረ የለም።

እኔ ደግሞ ተከበርኩ። ይህ ነው የማይገፋው። ወፍጮ ቤት ነገሩ ሲመጣብኝና ሞተሩን ሳጠፋ ማንም አይስቅም። እትዬ ጣይቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋና «ልጁ ትዝ ብላው ነው፤ ዝም በሉ» ትላለች። ሴቶቹ ሁሉ ጸጥ ይላሉ። አንዷ እንደውም ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግድግዳውን ይዤ፣ ቺንጋው እንዳይበጠስ እየፈራሁ፣ የማይገባኝን ሐዘኔታ እቀበላለሁ። በሌላ ሰው ስም እርዳታ የሚቀበል ሰው ዓይነት ስሜት ነው። ስቀው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ስርጉት ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሀና የሰፌዱን ጠርዝ ይዛ ልትነክስ ትታገላለች።

«ስርጉት።»

«እ?»

«ያን ቀን ቀስ በሉ ያልኩት ለእሷ ብዬ አይደለም።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ነገርኳት። ከአባቴ መሮ ጀምሬ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። በዕድሜዬ ያን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ታለቅሳለች፣ ወይም ሰፌዱን ትታ ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚቆይብህ?» አለችኝ።

«አሥር። አንዳንዴም አይሞላ።»

«ከዚያ ይተውሃል?»

«ይተወኛል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«እሷንም ይተዋት ነበር» አለች።

«ማንን?»

«እንጉዳይን ነዋ! ‹እማ፣ ሰዎቹ ለምን ይሮጣሉ? ቀስ በሉ በያቸው› ትለኝ ነበር። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ። መጀመሪያ ስትጫወት መስሎኝ ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ያን ቀን ስትጮህ የሷን ቃል ያልክላት ነው የመሰለኝ። ነግራሃለች ብዬ።»

«አልነገረችኝም።»

«መቼ ቤት ኖረህና ትነግርሃለች።»

ለመውቀስ አልነበረም። ዛሬ ዝናብ የለም እንደሚባለው ነው ያለችው።

«ምን ታደርጊላት ነበር?» አልኳት።

«ምን አደርጋለሁ? እኔም አብሬያት ቀስ እል ነበር። ውሃ እየቀዳሁ ከሆነ ቀስ ብዬ እቀዳለሁ። እየጠረግኩ ከሆነ ቀስ ብዬ እጠርጋለሁ። እስክትስቅብኝ ድረስ።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዷን ነርስ ጠየቅኳት። ይህ ነገር ከሳሉ ጋር ይገናኝ ነበር ወይ፣ ሰምተን ቢሆን ትድን ነበር ወይ አልኳት። «ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ልጆች ላይ ደግሞ ይበዛል። አይገድልም፤ ከሳንባ ምች ጋርም አይገናኝም» አለችኝ። ከጤና ጣቢያው በር እስከ ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ ደስ አለኝ። ወፍጮውን ሳስነሳ ደስታው አለቀ። የልጄ ሞት የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ይሁን። ግን በዚህ ከተማ ውስጥ ለእንጉዳይ «እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ያልፋል» ሊላት የሚችል የማውቀው ሰው አንድ ነበር። እሱም መብራት ይጠብቅ ነበር።

ለወፍጮው ባለቤት ነግሬ አሁን ቀን መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፤ ቤቴ እሄዳለሁ። ሀና ነቅታ ታገኘኛለች። እስካሁን ያሏት ቃላት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «እማ» ነው፣ ሁለተኛው ለአህያም ለእኔም የምትጠቀምበት ነው። ስትጫወት ድንገት ዝም ካለች፣ ወይም እጇ ወደ ጆሮዋ ከሄደ፣ ያለሁበት ላይ እቆማለሁ። ብዙውን ጊዜ እንቅልፏ መጥቶ ነው። እኔ ግን ቀስ እላለሁ።

አንዳንዴ ባይመጣባት እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቢመጣባት እላለሁ፤ ያቺን ለእንጉዳይ ሳልነግራት የቀረችውን ቃል የምነግረው ሰው እንዲኖረኝ። የትኛው እንደሚሆን ልጅቷ አፍ ስትፈታ ይታወቃል። እስከዚያ እጠብቃለሁ። መጠበቅ እንደሆነ ደባርቅ ውስጥ የማይችልበት የለም።